በወይራ የታጠነ የዓሣ ውሃ

ነቀምቴ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ስድስት ቀያይ ዓሣዎች ወረስኩ። ያወረሰኝ እኛ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር የነበረ ፈረንጅ ነው። ጊዜው አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ አልጋውን ለዘበኛው፣ ብስክሌቱን ለስፖርት አስተማሪው ሰጠና ለእኔ የዓሣ ገንዳውን ተወልኝ፤ የሳይንስ አስተማሪ ስለሆንኩ ያውቅበታል ብሎ ይመስለኛል። ገንዳው አራቱም ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ጠርዙ በቆርቆሮ የታሰረ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ሣጥን ነበር። ዓሣዎቹን ከአዲስ አበባ ድረስ በቴርሞስ ነው ያመጣቸው ይባላል።

ሣጥኑን እኔና አንድ ተሸካሚ ግራና ቀኝ ይዘን፣ ዘበኛው ዓሣዎቹን በባልዲ አድርጎ እየተከተለን በገበያው መሃል ስናልፍ ያልሳቀብኝ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ለጾም ነው?» አለችኝ አንዲት ቅቤ ሻጭ። ጎጃሜ መሆኔን ከአነጋገሬ ታውቃለች። «እነዚህማ ለፍልሰታ አይደርሱም፤ እስከዚያ ድመት ትገድፍባቸዋለች!»

«አይበሉም፤ ለማየት ነው» ብላት ጎረቤቷን ጠርታ በኦሮምኛ ነገረቻትና ሁለቱም ቅቤያቸውን ትተው እስኪበቃቸው ሳቁ። ያኔ ሲሳቅብኝ አልወድም ነበር። አሁንም አልወድም።

ሚስቴ ግን ገና ስታያቸው ወደደቻቸው። ነርስ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ቁስል ስታጥብ ውላ ትመጣና ጫማዋን አውልቃ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ገንዳው ፊት ትቀመጣለች። እርጉዝ ነበረች። ከዚያ በፊት አንድ ልጅ ሞታብናለች። ወሯን ጨርሳ፣ ሁሉ ነገሯ ተሟልቶ ተወለደች፤ ግን አልተነፈሰችም። ስለዚያ አናወራም ነበር። ዓሣዎቹን ስታይ ፊቷ ሲፈታ ሳይ ግን ያንን ፈረንጅ ከልቤ መረቅሁት።

እሷ ቢላ የምትባል የወለጋ ገጠር ልጅ ናት፤ ሚሲዮን የተማረች፣ ከወንጌል ሰዎች ወገን። እኔ ደግሞ ከዓባይ ማዶ የመጣሁ፣ ረቡዕና ዓርብ የምጾም የቄስ ልጅ። አጎቶቿ ሽማግሌዎቼን አክብረው እሺ ቢሉም እናቷ ሠርጋችን ላይ አልመጡም። አንድ ቅል ቅቤ ላኩ፤ በቃ። እኔም የእሳቸውን ግቢ ረግጬ አላውቅም። በዚያ አገር አማች ካልጠሩት አይሄድም፤ እሳቸውም አልጠሩኝም።

ሰኔ ሲገባ ዓሣዎቹን ክፉ ነገር አገኛቸው። ውሃችንን ከምንጭ በእንስራ የምታመጣልን አንዲት ሴት ነበረች፤ ያ ውሃ በበጋ እንባ ይመስላል። ዝናብ ሲጀምር ግን የነቀምቴ ቀይ አፈር ይገባበትና ሻይ መስሎ ይመጣል። ሰው አዝቅጦ ይጠጣዋል። ዓሣ ግን የሚኖረው ውስጡ ስለሆነ ማዝቀጫ ጊዜ የለውም። በአንድ ሳምንት ሁለቱ ሞቱ።

የሚስቴ እናት ከቢላ የመጡት የሞቱትን ዓሣዎች በሻይ ማጥለያ እያወጣሁ ሳለ ነው። በሩ ላይ ቆሙ፤ ረዥም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሴት። ማጥለያውን አዩ፤ ከዚያ ለልጃቸው በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩ። የሚስቴ ፊት ወዲያው ጠቆረ።

«ምን አሉ?» አልኳት በኋላ።

«ተወው።»

«ምን አሉ ነው የምልሽ!»

«ዓሣ ማኖር ያቃተው ሰው ልጄን እንዴት ያኖራታል? ነው ያለችው።»

የመጡት ሊወስዷት ነበር። ወንዞቹ ሳይሞሉ ቢላ ወስደው፣ እሳቸው ራሳቸው በወለዱበት ግቢ ሊያዋልዷት። እኔ ደግሞ ሐኪሙ «ከሆስፒታል እንዳትርቂ» ብሏታልና በሕይወት እያለሁ አትወሰድም አልኩ። እሳቸው «የመጀመሪያዋ የሞተችው እዚሁ፣ ሆስፒታል አጠገብ አይደለም ወይ?» አሉ። ሁለታችንም የፈራነው አንድ ነገር ነው፤ ግን አንዳችን ለአንዳችን ልንናገረው አንችልም። ሚስቴም መሃል ላይ ቆማ «እናንተ ተስማምታችሁ የምትሉኝን አደርጋለሁ» ብላ እጇን አጠበች።

መስማማት ደግሞ መነጋገር ይፈልጋል። በሚስቴ ቤተሰብ አማትና አማች ይተፋፈራሉ። ፊት ለፊት አይተያዩም፣ አንድ ገበታ አይቀርቡም፣ ስም አይጠራሩም። በእኛም አገር አማት ይታፈራል፤ እንደዚህ የጠበቀ ግን አላየሁም። እሳቸው ጓዳ በር ላይ ጀርባቸውን ግማሽ አዙረው ይቀመጣሉ፤ እኔ መስኮቱ ጋ። በመካከላችን ያለው ገንዳው ነው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት እሳቸው ወደ መስታወቱ ዞር አሉና «ያ ቁርጡሚ! አካም ቡልቴ?» አሉ። አንተ ዓሣ፣ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። ይህችን ያህል ኦሮምኛ እሰማለሁ። ቀጠሉ፤ ሚስቴ እየሳቀች ተረጎመችልኝ።

«ለጌታህ ንገረው፤ ያመጣኝ የነጋዴ መኪና ከክረምቱ በፊት ወደኛ የሚሄደው ለመጨረሻ ጊዜ የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ነው። እስከዚያ አራታችሁም ከሰነበታችሁ ልጄ እዚህ ትውለድ። ከሞታችሁ ይዣት እሄዳለሁ።»

ሚስቴ መሳቋን ያቆመችው የእናቷን ፊት ስታይ ነው። ቀልድ አልነበረም። እኔም ንዴቴ መጣ፤ በዓሣ በኩል መልእክት ይላክብኛል እንዴ! ግን ሌላ መንገድ አልነበረኝምና ወደ ገንዳው ጎንበስ አልኩ።

«ቁርጡሚ፣ ለእማማ ንገራቸው። እሺ ብሏል በላቸው።»

በዚያው ቀን ሥራ ጀመርኩ። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምስለው የውሃ ማጣሪያ አለ፤ ከላይ አሸዋ፣ ቀጥሎ ከሰል፣ ከታች ጠጠር። ሠርቼው ግን አላውቅም። አስተማሪ ምን አለበት፣ ስሎ ያጠፋል። ማጣሪያው የሚሠራበት ዕቃ ሳፈላልግ ዓይኔ ሚስቴ ለሠርጋችን በተሰጣት ጋን ላይ አረፈ። ጠላ አንጠምቅበትም፤ እሷ አትጠጣም። «ውሰደው፤ አቧራ ከሚጠጣ ውሃ ይጠጣ» አለችኝ። የእንጨት ሥራ አስተማሪው ምላሱን ነክሶ፣ በእጅ መሰርሰሪያ ቂጡን ቀስ ብሎ በሳልኝ። ሚስቴ ከሆስፒታል የተጣለ ቀጭን የጎማ ቱቦ ከነመቆንጠጫው አመጣች። ጋኑን በባሕር ዛፍ መቆሚያ ላይ ሰቅዬ ቱቦውን ወደ ገንዳው ለቀቅሁት።

የቀረው አሸዋው ነበር። ከወንዝ አምጥቼ ሰባት ጊዜ አጠብኩት፤ ሰባት ጊዜ ደፈረሰ። በስምንተኛው ሳፋው ከእጄ ስር ተንሸራቶ ሄደ። አማቴ ናቸው፤ ሳያዩኝ ሳቡት። አሸዋውን ፀሐይ ላይ አሰጥተው አደረቁና እንደ ጤፍ በሰፌድ አንገዋለሉት። አቧራው ሁሉ በነፋስ ሄደ። ከዚያ አንዴ ቢታጠብ ጠራ። እኔ የሳይንስ አስተማሪው ቆሜ አየሁ።

ከሰሉን ወቅጬ፣ ሁሉንም በየተራው ደርድሬ የመጀመሪያውን እንስራ ስገለብጥ በቱቦው የወጣው ጥቁር ነበር።

«ዓሣ ነው ወይስ ደብተራ ነው የምታረባው? ይኸ እኮ ቀለም ነው!» አለች ሚስቴ።

ሦስት እንስራ ካፈሰስን በኋላ ግን ጠብታው ነጣ፣ ቀጥሎ ጠራ። በብርጭቆ ይዤ ወደ መስኮቱ አነሳሁት፤ የጎረቤታችን ጣራ በውስጡ ታየ። ስሜቴን መደበቅ አልችልበትምና እልል አልኩ። ሚስቴ «ሰው ምን ይላል!» ብላ አፌን ያዘችኝ። አማቴ ጀርባቸውን አዙረው ነበር፤ ትከሻቸው ግን ሲነቀነቅ አይቻለሁ። እየሳቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ጠዋቶች በሕይወቴ ከማልረሳቸው ናቸው። ጋኑ ጠብ ጠብ ይላል፤ ዓሣዎቹ ጠብታው ስር ይሰበሰባሉ፤ እኛ ግራና ቀኝ ተቀምጠን እነሱን እናናግራለን። «ቁርጡሚ፣ የጌታህ ኮት ትከሻው ላይ ተተርትሯል፤ ወንበሩ ላይ ትቶት ይሂድ በለው» ይላሉ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ተሰፍቶ አገኘዋለሁ። እኔ ደግሞ «ቁርጡሚ፣ ለእማማ ንገራቸው፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ የሰፋልኝ ሰው የለም በላቸው» እላለሁ። ሚስቴ መሃል ሆና ስትተረጉም ድምጿ አንዳንዴ ይሰበራል። በአምስተኛው ቀን ግድም እሷ ሥራ ላይ ሆና እኛ ሁለታችን ብቻ ስንቀር በእሳቸው ስባሪ አማርኛና በእኔ ስባሪ ኦሮምኛ ማውራት ጀመርን። ለዓሣው እኮ ነው የምናወራው፤ ዓሣ ደግሞ ሰዋስው አያርምም።

ዓሣዎቹም ፋፉ። ቀኑን በጣቴ እቆጥር ነበር። ዘጠኝ። አሥር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ፈተና ሳስፈትን አርፍጄ ለምሳ ስመጣ፣ በሩን ስከፍት የጭስ ሽታ ተቀበለኝ። ደስ የሚል ሽታ ነበር፤ ይህን አስታውሳለሁ። ከዚያ ገንዳውን አየሁ። ሦስቱ በጎናቸው ተንሳፍፈዋል። አንዱ አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ጋኑ ከመቆሚያው ወርዶ እንደገና የተሰቀለ ነው፤ አቀማመጡ ተለውጧል። ጠብታው ስር እጄን ዘርግቼ አሸተትኩ። ጭስ ጭስ ይላል።

ሚስቴም ለምሳ መጥታ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። አማቴ ጓዳው በር ላይ ቆመዋል፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ከሰል ነው።

«ማነው ይህን የነካው?» አልኩ።

ያን ጊዜ፣ በአሥራ አንድ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዞሬ ዓይናቸውን አየሁና በቀጥታ ተናገርኳቸው።

«እርስዎ ነዎት የገደሏቸው! ልጅዎን ይዘው ሊሄዱ ብለው ነው!»

አማርኛቸው ትንሽ ነው፤ ይህ ግን ገብቷቸዋል። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ጓዳ ገቡ፤ ቀጥሎ የከረጢታቸው ኮሽታ ተሰማ። የሚናገር ሰው አንዳንዴ ቃሉ ገና ከአፉ ሳይወጣ ያፍራል። እኔ ግን ዘግይቼ ነው ያፈርኩት።

ሚስቴ አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጓዳ ገብታ እናቷን ጠይቃ ተመለሰች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና በዝግታ ነገረችኝ።

«ጋኑን አጥናልህ ነው። በወይራ። ያልታጠነ ጋን ውሃ ሲጠራበት አሥራ አንድ ቀን እያየች፣ የልጄ ቤት ነውር ሆኗል እያለች ስትብከነከን ነበር። ጠዋት አሸዋውንም ከሰሉንም ጠጠሩንም ለየብቻ አወጣች፤ ጋኑን አጥባ ጭሱ ላይ ደፋችው፤ ደግሞ እንደነበረው መልሳ ደረደረችው። አደራደሩን ከአንተ አይታ ይዛዋለች።»

«እሺ፣ ዓሣ በጭስ…»

«ጠብቅ። ወይራውን ከየት ያመጣችው ይመስልሃል? በግቢያችን ካለው ዛፍ ነው። እኔ ስወለድ የወተት ዕቃዬ የታጠነው በእሱ ነው። አሁንም ያመጣችው ለዚህኛው ነው።» ሆዷን ነካች። «ከሞተችው ልጅ ወዲህ ፈልጣ አድርቃ ስታስቀምጥ የኖረችው ነው። ሁሉንም ለጋንህ ጨረሰችው።»

እናቴ ጎጃም ውስጥ ባልታጠነ ጋን እንኳን ጠላ ውሃም አትቀዳም ነበር። በሩን ስከፍት ደስ ያለኝ ሽታ የእሷ ቤት ሽታ ነው። አፍንጫዬ አውቆት እኔ አላወቅሁትም። በትምህርቴ ምክንያት ጋኑን «ማጣሪያ» አልኩት እንጂ ጋንነቱን ረስቼው ነበር። እሳቸው ደግሞ ጋንነቱን አልረሱም፤ ዓሣ እንደ ሰው ጭስ የሚወድ መስሏቸው ነው። የምናከብረውን እንግዳ በምናውቀው ክብር ነው የምናከብረው።

ሰኔ ነውና ዝናቡ ወረደ። ሳፋ ይዤ ወጣሁና ከጣራው ቆርቆሮ ጠርዝ ስር ደቀንኩት። መጀመሪያ የወረደውን ደፋሁ፤ ጣራው ታጥቦ ንጹሑ ሲመጣ ሞላሁና የቀረውን ዓሣ በሁለት እጄ አፍሼ ከተትኩት። ጎኑ ላይ እንደተጋደመ ቆየ። እኔ ዝናብ ላይ ቆሜ፣ ሥላሴን እየተማጸንኩ ለአንድ ዓሣ ጸለይኩ። ክንፉን አንቀሳቀሰ። ከዚያ ቀና አለ።

ሳፋውን ይዤ ገብቼ ጓዳው በር ላይ አስቀመጥኩት። እሳቸው ከረጢታቸውን አስረው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸውን ሙሉ በሙሉ ሰጥተውኛል። ተመልሼ የቱቦውን መቆንጠጫ ከፈትኩ፤ ከጋኑ አንድ ጣሳ ሞልቼ ሳፋው አጠገብ በርከክ አልኩና ጠጣሁት። ሳልተነፍስ ጨረስኩት። ሁለተኛም ቀድቼ ጠጣሁ። ሁለተኛው ላይ እንባዬ መጣ፤ ሊያቆመው የሚችል ነገር አልነበረም።

«ቁርጡሚ» አልኩ። «ለእማማ ንገራቸው። ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ውሃ አልጠጣሁም በላቸው። ክፉ ነገር ተናግሯል በላቸው። ይቅር በሉኝ ይላል በላቸው።»

ሚስቴ ለመተርጎም አፏን ስትከፍት እሳቸው እጃቸውን አነሱ። ገብቷቸዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በመጨረሻ ትንሽ ዞር አሉና ሳፋውን አዩ።

«ሦስት ሞተ» አሉ በአማርኛ፣ ለዓሣው። «ልጄን ልወስድ ነበር። አሁን ለሰውየው ንገረው። መኪናው ይሂድ። እኛ አንሄድም። እኔም አልሄድም።»

ከረጢታቸውን ፈቱ። እኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ፣ ሦስቱን ዓሣዎች ጎመኑ ስር ቀበርኩና እዚያው ትንሽ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲያ ዓሣው የዝናብ ውሃ፣ እኛ የጋኑን ውሃ ያዝን። ጎረቤቶቻችን የወይራ ሽታ ያለው ጥሩ ውሃ አለ ሲባሉ ብርጭቆ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ያቺ ቅቤ ሻጭ እንኳ አንድ ቀን መጥታ ጠጣችና «ዓሣ ቀርቶ ሰው ማርባት ጀመርክ?» አለችኝ። ያን ቀን አልተናደድኩም።

ልጃችን የተወለደችው በነሐሴ ማለቂያ ነው። ሚስቴ ከሰዓት በኋላ ገብታ እኔ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቀረሁ፤ አማቴ አብረዋት ገቡ። የመጀመሪያዋ ስትወለድ የጠበቅሁት እዚያው አግዳሚ ላይ ስለነበር ቆሜ ጠበቅሁ። ከውስጥ ምንም አይሰማም። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። ግድግዳውን ያዝኩ።

ከዚያ ጩኸት ተሰማ። ቀጭን፣ የተቆጣ ጩኸት።

አማቴ በሩን በትከሻቸው ገፍተው ወጡ። የታቀፉት በነጠላቸው ተጠቅልሏል። ከፊቴ ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙና ዓይናቸውን ዝቅ አድርገው ግራና ቀኝ ፈለጉ። የሚያናግሩት ነገር እየፈለጉ እንደሆነ ገባኝ። አግዳሚና ግድግዳ ብቻ ነው ያለው፤ በመካከላችን ዓሣ የለም። በመጨረሻ ወደ ታቀፏት ጎንበስ አሉ።

«ያ ኢንተላ» አሏት፤ አንቺ ልጅ። «ለአባትሽ ንገሪው። እናትሽ ደህና ናት። አንቺም ደህና ነሽ። የአንቺን የወተት ዕቃ የማጥንበት ወይራ ግን አልቋል በይው።»

ነጠላውን ከልጄ ፊት ገለጥ አደረጉልኝ።

«ዛፉ ከግቢዬ በር ሲገቡ በስተቀኝ ነው። ይምጣና ይቁረጥ በይው።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተነሳሁ። ወንዞቹ ሞልተው ስለነበር መኪና እስከሚደርስበት ሄጄ ከዚያ በበቅሎ፣ ከበቅሎው ወርጄ በእግሬ፣ እስከ ጉልበቴ በጭቃ እየሰመጥኩ ቢላ ገባሁ። የአማቴ ግቢ በር ክፍት ነበር፤ ዛፉም እንዳሉት በስተቀኝ ነው።